ከደብረ ብርሃን እስከ ቀይ ባሕር፦ አድቫንስድ ጠላቂ በራሱ ዕቅድ የሚሠለጥንበት መንገድ

ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። "አድቫንስድ ኮርሱን ጨርሻለሁ። ቀጥሎስ? ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ዳይቪንግ እንዴት ልለማመድ?" አንዳንዱ ከመሐል ሜዳ ከተማ ይጽፍልኛል፤ አንዳንዱ ጅቡቲ ሠርቶ የተመለሰ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ስመልስ ቆይቻለሁ። አሁን ሁሉንም አንድ ቦታ ላስቀምጠው።

ይህ መመሪያ የስኩባ ዳይቪንግ (በአየር ሲሊንደር የመጥለቅ) ኮርስ፣ ከጀማሪው ቀጥሎ እስካለው አድቫንስድ ድረስ ወስዶ ሰርተፊኬት ለያዘ፣ ባሕር ግን በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ለሚያይ ሰው ነው። ጠልቃችሁ የማታውቁ ከሆነ መጀመሪያ ከአሠልጣኝ ጋር ኮርስ ውሰዱ። ከዚህ ጽሑፍ ተነስታችሁ ውሃ ውስጥ አትግቡ።

የሥልጠናው መነሻ ይሄ ነው። አራት ቀን ባሕር ላይ ብትቆዩ ቢበዛ ስምንት ጊዜ ያህል ትጠልቃላችሁ። ደረቅ መሬት ላይ ሊለመድ የሚችለውን ነገር ሁሉ ደረቅ መሬት ላይ ጨርሱት። ባሕሩን ባሕር ብቻ ለሚያስተምረው ነገር አቆዩት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የራሳችሁ ማስክ፣ ስኖርክል (የመተንፈሻ ቱቦ) እና ፊን (እግር ላይ የሚደረግ መቅዘፊያ)። ሌላውን መከራየት ይቻላል። ማስክ ግን እንደ ሰው ፊት ይለያያል። ውሃ የሚያስገባ የኪራይ ማስክ የሥልጠና ቀናችሁን ይበላዋል።
- ዙሪያው የሚሽከረከር የጠላቂ ኮምፓስ።
- ምልክት ፊኛ። ውሃ ውስጥ ሆናችሁ ነፍታችሁ ወደ ላይ የምትለቁት ረጅሙ ብርቱካናማ ፊኛ ነው። ከእሱ ጋር 30 ሜትር ገመድ የተጠቀለለበት ስፑል።
- በአውራ ጣት የሚከፈቱ ሁለት የብረት መንጠቆዎች።
- የሱፍ ጓንት፣ አንድ ጋቢ ወይም ትልቅ ፎጣ።
- የግንበኛ ሜትር፣ ደብተር፣ እርሳስ፣ ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክ።
- በሳምንት አንድ ቀን አብሯችሁ የሚቆም ሰው። ጠላቂ መሆን የለበትም።

የአየር ሲሊንደር አያስፈልግም። ከዚህ በታች ያለው የቤት ልምምድ ሁሉ ያለ ሲሊንደር ይሠራል።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ማስጠንቀቂያ

ገንዳ ውስጥ ለብቻችሁ ትንፋሽ ይዛችሁ አትለማመዱ። ደጋግሞ በፍጥነት መተንፈስና ከዚያ መጥለቅ የበለጠ አደገኛ ነው። "ተንፍስ" የሚለን ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እሱን አስቀድማችሁ ካራገፋችሁት ምልክቱ ሳይመጣ ኦክስጅን ያልቅና ራሳችሁን ትስታላችሁ። እኛ አገር ደግሞ አየሩ ራሱ ስስ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ነች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 72 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው።

የደጋ ሐይቅ ውስጥ በባሕር ሠንጠረዥ (በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ በሚያሳየው) አትጥለቁ። ከፍታ ላይ መጥለቅ የራሱ ሥልጠናና የራሱ ስሌት አለው።

ጉንፋን ይዟችሁ አትጥለቁ። "በመድኃኒት አፍንጫዬን ከፍቼ እገባለሁ" የሚለውን ብዙ ሰው ይሞክረዋል። መድኃኒቱ ውሃ ውስጥ እያላችሁ ኃይሉ ሲያልቅ ጆሮና ሳይነስ ውስጥ ያለው አየር መውጫ ያጣል። ያኔ መውጣት ራሱ ሕመም ይሆናል።

1. ራሳችሁን በጽሑፍ መዝኑ

ደብተራችሁን ክፈቱና እነዚህን ጥያቄዎች "አዎ"፣ "አንዳንዴ" ወይም "አይ" ብላችሁ መልሱ።

ሀ) 5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ፣ ከግማሽ ሜትር በላይ ሳልወጣና ሳልወርድ መቆም እችላለሁ?
ለ) ማስኬ ቢወልቅ ሳልደነግጥ ለአንድ ደቂቃ መተንፈስ እችላለሁ?
ሐ) 30 ሜትር ላይ በደቂቃ ስንት ሊትር አየር እንደምጠቀም አውቃለሁ?
መ) ምልክት ፊኛ ያለማንም እገዛ ለቅቄ አውቃለሁ?
ሠ) ኮምፓስ ብቻ ይዤ ወደ ተነሳሁበት ቦታ መመለስ እችላለሁ?
ረ) አብሮኝ የጠለቀው ሰው አየር ቢያልቅበት እጄ የት እንደሚሄድ ሳላስብ አውቃለሁ?
ሰ) ስዋኝ እጄን ሳላወዛውዝ መሄድ እችላለሁ?

ከ"አይ"ዎቹ መካከል ሁለቱን ብቻ ምረጡ። የሚቀጥለው ጉዟችሁ ሥራ እነሱ ናቸው። ሁለት ብቻ የምለው በምክንያት ነው። ውሃ ውስጥ አእምሮ ጠባብ ይሆናል። አምስት ነገር ልታስተካክሉ የገባችሁ እንደሆነ አንዱም ሳይስተካከል ትወጣላችሁ።

2. ለአሠልጣኙ ከጉዞው በፊት ጻፉ

አብዛኛው ሰው ጅቡቲ ወይም የግብፅዋ ሁርጋዳ ይደርስና የተዘጋጀውን የቡድን ጉዞ ይከተላል። አሠልጣኙ ምን እንደሚያስቸግራችሁ አያውቅም፤ እናንተም አትነግሩትም። ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ እንዲህ ዓይነት መልእክት ላኩ፦

"እስካሁን 22 ጊዜ ጠልቄያለሁ። የመጨረሻው ከስምንት ወር በፊት ነው። የሄድኩበት ከፍተኛ ጥልቀት 28 ሜትር ነው። ኮምፓስ ላይ ደህና ነኝ። የሚያስቸግረኝ አንድ ቦታ ጸንቶ መቆምና ፊኛ መልቀቅ ነው። አራት ቀን አለኝ። ሁለቱን ቀን አንድ ለአንድ መሥራት እፈልጋለሁ። አሁን አዲስ ሰርተፊኬት አልፈልግም። በቪዲዮ ብትቀርጸኝ ደስ ይለኛል።"

ከዚህ ጋር ሦስት ነገር ጠይቁ። ጀልባው ላይ ንጹሕ ኦክስጅን አለ? አደጋ ቢደርስ የሚወሰደው የት ነው? አንድ አሠልጣኝ ስንት ሰው ይዞ ይገባል? መልሱ ከተድበሰበሰ ሌላ ፈልጉ።

አዲስ ኮርስ የምትፈልጉም ከሆነ ንባቡን ቤታችሁ በኢንተርኔት መጨረስ ትችላላችሁ። ናይትሮክስ (ከተራ አየር ይበልጥ ኦክስጅን ባለው ድብልቅ መጥለቅ) ለዚህ ይመቻል፤ ዋናው ሥራው ንባብና ስሌት ነው። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ። ናይትሮክስ ረዘም ያለ ጊዜ እንጂ ተጨማሪ ጥልቀት አይሰጥም። 32 ከመቶ ኦክስጅን ያለው ድብልቅ በተለመደው የ1.4 ባር የኦክስጅን ግፊት ገደብ (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ከ33 ሜትር በታች አይኬድበትም።

3. እግራችሁን መደብ ላይ አሠልጥኑ

የእንቁራሪት ምት የሚባለው አቀዛዘፍ አሸዋ አያስነሳም፤ አየርም ይቆጥባል። ውሃ ውስጥ መማር ረጅም ጊዜ ይወስዳል። መደብ ላይ ግን ሳምንት አይፈጅም።

መደብ ወይም አግዳሚ ላይ በሆዳችሁ ተኙ። ጉልበታችሁ ከጫፉ ይውጣ። ፊኑን አድርጉ። ጉልበታችሁን 90 ዲግሪ እጠፉ፤ ውስጥ እግራችሁ ወደ ጣሪያ ይይ። እግራችሁን ከፈት አድርጉ፣ ውስጥ እግራችሁን ወደ ውጭ አዙሩ፣ ከዚያ ሁለቱን ፊኖች ማጨብጨብ በሚመስል እንቅስቃሴ አገናኙ። ከተገናኙ በኋላ ዝም በሉ። እስከ ሦስት ቁጠሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዝምታው ላይ ነው ሰውነት ውሃው ውስጥ የሚንሸራተተው፤ ያን ጊዜ ቶሎ ቶሎ ከመታችሁ ድካሙ ብቻ ይቀራል።

አብሯችሁ ያለው ሰው ከጎን ይቅረጻችሁ። ቪዲዮው ላይ ሁለት ነገር ፈልጉ። ጉልበታችሁ ከወገባችሁ በታች ወርዷል? ሁለቱ እግሮች እኩል ይከፈታሉ? ጉልበት ከወረደ ውሃ ውስጥ እግራችሁ ተንጠልጥሎ ቁልቁል ይገፋል። ሳታውቁት ወደ ላይ ትወጣላችሁ፤ ያንን ለማካካስ ከጃኬቱ (ለመንሳፈፍ አየር ከሚሞላው የጠላቂ ልብስ) አየር ትለቃላችሁ፤ መቅዘፍ ስታቆሙ ትሰምጣላችሁ። ብዙ ጊዜ "ሚዛኔን መጠበቅ አልቻልኩም" የሚለው ሰው ችግሩ ጉልበቱ ጋ ነው።

በቀን 20 ምት ይበቃል።

4. ኮምፓሱን ሜዳ አውጡት

ይህንን እርምጃ ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ፤ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ሜዳ አይጠፋምና።

መጀመሪያ 50 ሜትር ለኩና እየተራመዳችሁ ቁጠሩ። ሦስቴ ደጋግሙት፤ አማካዩን ጻፉ። ውሃ ውስጥ እርምጃ የለም፤ የምትቆጥሩት ምት ነው። ወደ ባሕሩ የሚሻገረው የመቁጠር ልማዱ ነው።

ቀጥሎ ጋቢውን ራሳችሁ ላይ ጣሉት። ኮምፓሱና የጫማችሁ ጫፍ ብቻ ይታያችሁ። አብሯችሁ ያለው ሰው ጎን ለጎን ይሂድ፤ ሥራው ቦይ ውስጥ እንዳትገቡ መጠበቅ ነው። መነሻችሁ ላይ ድንጋይ አስቀምጡ። ወደ ሰሜን 30 እርምጃ ሂዱ። 180 ዲግሪ ዙሩ። 30 እርምጃ ተመለሱ። ጋቢውን አንሱና ከድንጋዩ ምን ያህል እንደራቃችሁ ለኩ።

መጀመሪያ ቀን አምስትና ስድስት ሜትር ብትርቁ አትደንግጡ። ከሦስት እርምጃ በታች ሲሆን ወደ አራት ማዕዘን እለፉ፦ 0፣ 90፣ 180፣ 270። ከዚያ ሦስት ማዕዘን፣ በየ120 ዲግሪው እየዞራችሁ። በግ የሚጠብቁ ልጆች ከበው ማየታቸው አይቀርም። ጨዋታው ቶሎ ይገባቸዋል፤ ድንጋይ አስቀማጭ አድርጓቸው።

ይህ ሁሉ ለምን? 5 ዲግሪ ስህተት ከ100 ሜትር በኋላ ወደ 9 ሜትር ያርቃችኋል። ውሃው 8 ሜትር ብቻ የሚያሳይ ከሆነ የጀልባችሁን መልሕቅ ሳታዩት አለፋችሁ ማለት ነው።

የተለመዱ ስህተቶች፦ ኮምፓሱን አጋድሎ መያዝ። መርፌው ሲጋደል ይነካካና ይቆማል፤ እናንተ ትክክል የሄዳችሁ ይመስላችኋል። ሌላው እጅን ብቻ ማዞር ነው። አቅጣጫ ስትቀይሩ መላ ሰውነታችሁ ይዙር፤ የኮምፓሱ መስመር ከአፍንጫችሁና ከእምብርታችሁ ጋር አንድ መስመር ላይ ይሁን። ከመኪና፣ ከቆርቆሮ አጥርና ከኪሳችሁ ስልክም ራቁ። ባሕር ውስጥ ደግሞ የብረት ሲሊንደር ያንኑ ያደርጋል።

5. ፊኛውና ገመዱ

ይህንን በዝግታ አንብቡ። ፊኛው ከሥሩ ጠላቂ እንዳለ ለጀልባ የሚነግር ምልክት ነው። በደንብ ካልተለቀቀ ግን ራሱ አደጋ ነው።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ወደ ላይ ተመልከቱ። አብሯችሁ ለጠለቀው ሰው ምልክት ስጡ። ፊኛውን ዘርጉ። ስፑሉን ከመንጠቆው አውጡ። ገመዱ ከፊኛው በቀር ምንም እንዳልነካ በእጃችሁ ዳስሱ፦ ቱቦ፣ ጣት፣ የፊን ማሰሪያ። ጥቂት አየር ንፉ። ልቀቁ። ስፑሉ እጃችሁ ላይ ይሽከርከር።

"ጥቂት" ያልኩት በምክንያት ነው። 10 ሜትር ላይ ያለው ግፊት ውሃ ወለል ላይ ካለው እጥፍ ነው። እዚያ የነፋችሁት 2 ሊትር ላይ ሲደርስ 4 ሊትር ይሆናል። ስትነፉ ትንፋሻችሁንም አትያዙ፤ ሳንባችሁ ሞልቶ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ትሄዳላችሁ።

ስፑሉን በፍጹም፣ ፊኛው በሚለቀቅበት ጊዜ ሰውነታችሁ ላይ አታንጠልጥሉት። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ገመዱ ፊኔ ማሰሪያ ላይ መጠምዘዙን ሳላይ ለቀቅኩት። ከ6 ሜትር እግሬን ይዞ ወደ ላይ ጎተተኝ። ትንፋሼን እያስወጣሁ ስለነበር ተረፍኩ። ጥልቀቱ ትንሽ ሆኖ እንጂ ሌላ ነገር ይከተል ነበር።

ግቢ ውስጥ እንዲህ ተለማመዱ። የሱፍ ጓንት አድርጉ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። ቅደም ተከተሉን ጮክ ብላችሁ እየተናገራችሁ ሥሩ። "ልቀቅ" ስትሉ አብሯችሁ ያለው ሰው ፊኛውን ይዞ 15 ሜትር ይሩጥ። ስፑሉ ሳይያዝ መሽከርከር አለበት። ጣታችሁ ከነካው ገመዱ ይወጠርና ትሰማላችሁ። ከዚያ እናንተ እየጠቀለላችሁ ወደ እሱ ሂዱ፤ ገመዱ መሬት አይንካ። ባሕር ውስጥ የላላ ገመድ እግር ላይ ይጠመጠማል። ቀይ ባሕር ሞቃት ነው፤ ጓንቱ ለብርድ አይደለም። ስትጨነቁ ጣታችሁ እንደዚያ ስለሚሆን ነው። መንጠቆዎቹንም በዚሁ ጓንት ክፈቱ፣ ዝጉ።

ሃያ ጊዜ ያለ ስህተት ስትሠሩ ለባሕር ደርሳችኋል።

6. አየራችሁን በደብተር አስሉ

ከ"50 ባር ሲቀር ውጡ" የተሻለ ነገር መማር አለባችሁ። እርሳስ ያዙ።

መጀመሪያ የራሳችሁን ፍጆታ። ባሕር ስትገቡ 10 ሜትር ላይ ለ10 ደቂቃ እኩል ፍጥነት ዋኙ። ባለ 12 ሊትር ሲሊንደራችሁ ከ190 ወደ 150 ባር ወረደ እንበል። 40 ባር በ12 ሊትር ሲባዛ 480 ሊትር ነው። ለ10 ደቂቃ ሲካፈል 48። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ 2 ባር ስለሆነ ለ2 ሲካፈል 24። ውሃ ወለል ላይ በደቂቃ 24 ሊትር ትተነፍሳላችሁ ማለት ነው። ይህ የእናንተ ቁጥር ነው፤ በየጉዞው ለኩት።

ቀጥሎ መጠባበቂያው። 30 ሜትር ላይ አብሯችሁ የጠለቀው ሰው አየር አለቀበት እንበል። ሁለታችሁም ከእናንተ ሲሊንደር ትተነፍሳላችሁ። ደንግጣችኋልና ለእያንዳንዳችሁ 25 ሊትር፣ በድምሩ 50 ሊትር በደቂቃ ያዙ።

- ችግሩን ለመፍታት 1 ደቂቃ፣ በ4 ባር፦ 4
- ከ30 ወደ 5 ሜትር በደቂቃ 9 ሜትር ያህል፣ ወደ 3 ደቂቃ፣ በአማካይ 2.75 ባር፦ 8.25
- 5 ሜትር ላይ የ3 ደቂቃ ማቆሚያ፣ በ1.5 ባር፦ 4.5
- የመጨረሻዎቹ 5 ሜትሮች 1 ደቂቃ፣ በ1.25 ባር፦ 1.25

ድምሩ 18 ነው። 18 በ50 ሲባዛ 900 ሊትር። ለ12 ሲካፈል 75 ባር።

እዩት። 30 ሜትር ላይ ሆናችሁ "ገና 60 አለኝ" ካላችሁ ለሁለት ሰው የሚበቃ አየር የላችሁም። የጓደኛችሁ ሕይወት ያለው በዚያ 75 ባር ውስጥ ነው።

አሁን የቀረውን አስሉ። ከ200 ላይ 75 ሲነሳ 125 ባር፣ ማለትም 1,500 ሊትር። 30 ሜትር ላይ በደቂቃ 24 በ4፣ 96 ሊትር ትጠቀማላችሁ። 15 ደቂቃ ገደማ ነው፤ መውረጃውም በውስጡ ነው። የዳይቭ ኮምፒውተራችሁ (እጅ ላይ ታስሮ ጥልቀትና የተፈቀደ ጊዜ የሚያሳየው) ከዚያ ያነሰ ከሰጣችሁ ያነሰውን ያዙ። ይህንን ለ18፣ ለ25 እና ለ40 ሜትር ራሳችሁ ሠርታችሁ ደብተራችሁ ጀርባ ላይ ጻፉት። ምሽት ላይ ቡና እየተፈላ የሚሠራ ሥራ ነው።

7. ጆሮ፦ የጣርማበር መንገድ

ወደ ሸዋ ሮቢት የምትወርዱ ከሆነ መንገዱን ተጠቀሙበት። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ጣርማበር ተነስታችሁ 1,280 ሜትር አካባቢ ያለችው ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ጆሯችሁ ደጋግሞ ይደፈናል። ደብረ ብርሃን ላይ የከደናችሁት ባዶ የውሃ ፕላስቲክም ተጨማድዶ ታገኙታላችሁ። አፍንጫን ይዞ በለስላሳው መንፋትን፣ ምራቅ መዋጥን፣ መንጋጋ ማንቀሳቀስን እዚያ ሞክሩ፤ የትኛው ለእናንተ እንደሚሠራ እወቁ። ሹፌር ከሆናችሁ ግን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

የዚያ ሁሉ ቁልቁለት የግፊት ለውጥ ውሃ ውስጥ 2 ሜትር አይሞላም። ውሃ ውስጥ ያን ያህሉን በጥቂት ሰከንድ ታልፉታላችሁ። ስለዚህ ጆሯችሁን ከመነሻው፣ ሳያማችሁ፣ በየሜትሩ ክፈቱ። ካመማችሁ በኋላ በኃይል አትንፉ፤ ትንሽ ወደ ላይ ውጡና እንደገና ሞክሩ።

8. ገንዳ

ገንዳ አቅራቢያችሁ ከሌለ በወር አንድ ቀን አዲስ አበባ በቂ ነው፤ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሦስት ነገር ብቻ ሥሩ። ያለ ማስክ፣ ፊታችሁን ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ በስኖርክል 5 ደቂቃ ተንፍሱ። ይህ ማስክ ሲወልቅ የሚመጣውን ድንጋጤ ያስወግዳል፤ አፍንጫችሁ ሳይስብ አፋችሁ ብቻ መተንፈስ ይለምዳል። ከዚያ የእንቁራሪት ምቱን በስኖርክል 200 ሜትር ዋኙ። በመጨረሻ አንድ ሰው 25 ሜትር ጎትቱ።

9. ዕቅዱ ከኑሯችሁ ጋር ይሂድ

የሌሊት ተረኛ ነርስ ለሆነችና ሱቅ ለሚጠብቅ ሰው አንድ ዓይነት ፕሮግራም አይሠራም። በሳምንት ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ቀኑ የፈለገው ይሁን። አንዱ ለእግር፣ አንዱ ለእጅ፣ አንዱ ለስሌት። ኮምፓሱ ለእሑድ ከሰዓት። አንድ ሳምንት ቢያመልጣችሁ የቀጣዩን እጥፍ አታድርጉ፤ ካቆማችሁበት ቀጥሉ።

ጉዞውን ስትቆርጡ ጾሙን አስቡበት። ጅቡቲ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ የሚታይበት ወቅት ከጾመ ነቢያት ጋር ይገጣጠማል። ውሃ ሳይጠጡ በጅቡቲ ሙቀት መጥለቅ ትክክል አይደለም፤ የሰውነት ድርቀት ለዲኮምፕረሽን ሕመም (ግፊት ሲቀንስ ሰውነት ውስጥ የተጠራቀመ ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ ለሚያመጣው) ያጋልጣል ተብሎ ይታሰባል። ከኅዳር 15 በፊት ወይም ከገና በኋላ ያለውን ምረጡ።

10. የባሕር ቀናት

ቀን 1፦ ከ15 ሜትር አትለፉ። መጀመሪያ ክብደት ፈትሹ። ሲሊንደሩ 50 ባር ሲቀረው፣ ጃኬቱን ባዶ አድርጋችሁ፣ በመደበኛ ትንፋሽ ውሃው ዓይናችሁ ጋ መቆም አለበት፤ ስታስወጡ ቀስ ብላችሁ ትሰምጣላችሁ። በሙሉ ሲሊንደር ከፈተሻችሁ ወደ 3 ኪሎ ግራም የሚሆነው አየር እያለቀ እንደሚሄድ አስሉ። ክብደት ያበዛ ሰው ጃኬቱ ውስጥ አየር ያበዛል፤ ያ አየር በየሜትሩ ይለዋወጣል፤ አንድ ቦታ መቆም የማይቻለው በዚህ ነው። የአየር ፍጆታችሁንም ዛሬ ለኩ። ቪዲዮ አስቀርጹ።

ቀን 2 እና 3፦ የመረጣችኋቸው ሁለት ነገሮች። በአንድ መጥለቅ አንድ ነገር ብቻ። ማታ ቪዲዮውን ከአሠልጣኙ ጋር እዩ። ለልምምድ እንደ ሙሻና ማስካሊ ያሉ ለጅቡቲ ከተማ ቅርብ ደሴቶች ይመረጣሉ። ባብ ኤል መንደብ አጠገብ ያሉት ሰባቱ ወንድማማቾች ደሴቶች ኃይለኛ የውሃ ፍሰት አላቸው። እዚያ የሚኬደው ተለማምዶ ነው።

ቀን 4፦ ሁለቱን አዋህዱ። ኮምፓስ ይዛችሁ ሂዱ፣ ተመለሱ፣ ፊኛ ልቀቁ፣ 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ቁሙ። ጠዋት ጨርሱ።

11. ወደ ቤት መመለስ

ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ እባካችሁ።

በዓለም የታወቀው ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የሚመክረው ከአንድ መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለብዙ ቀን ወይም በቀን ደጋግሞ ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት፣ ሲወጡ መንገድ ላይ የማቆም ግዴታ ላለው መጥለቅ ከዚያም በላይ ቆይቶ መብረር ነው። ምክሩ የተሠራው እስከ 2,400 ሜትር ለሚደርስ የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ነው። ደብረ ብርሃን ከዚያ በላይ ነች። የእኛ ቤት ከአውሮፕላኑ ይበልጥ ከፍ ይላል።

ስለዚህ የራሴ ሕግ ይህ ነው። ከመጨረሻው መጥለቅ በኋላ ሙሉ 24 ሰዓት ባሕር ዳር እቆያለሁ። ከዚያ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት አድራለሁ። ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን እወጣለሁ። ባቡሩም ሆነ መኪናው ከዚህ ነፃ አያወጣም፤ ሁለቱም ከባሕር ወለል ተነስተው ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣሉ። በአፋርና በኮምቦልቻ በኩል የምትመጡ ከሆነ ጣርማበርን ከመውጣታችሁ በፊት ሸዋ ሮቢት እደሩ። የጤና ችግር ያለባችሁ ሐኪም አማክራችሁ ከዚህም አርዝሙት።

የዲኮምፕረሽን ሕመም ምልክቶችን እወቁ፦ የትከሻ፣ የክርን ወይም የጉልበት ሕመም፣ መደንዘዝ፣ መውረር፣ ያልተለመደ ድካም፣ ማዞር፣ የቆዳ ሽፍታ፣ ሽንት መከልከል። እኛ አገር ያለው ልዩ አደጋ "ብርድ መታኝ" ማለት ነው። ከጅቡቲ ሙቀት ወጥቶ ደብረ ብርሃን የገባ ሰው ጉልበቱ ሲቆረጥመው ቅባት ይቀባና ጋቢ ደርቦ ይተኛል። ከጠለቃችሁ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት የመጣ ሕመም ብርድ አይደለም ብላችሁ ጀምሩ። ወደ ላይ መውጣት አቁሙ። ሆስፒታል ሂዱና "ስኩባ ጠልቄ ነበር፣ መቼ፣ ስንት ሜትር" ብላችሁ ተናገሩ፤ ኦክስጅን ጠይቁ። ከጉዞው በፊት የጠላቂ ኢንሹራንስ ግዙ፤ የአስቸኳይ ስልኩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለቤተሰብ ስጡ። የዳይቭ ኮምፒውተራችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ የጠለቃችሁበት ጥልቀትና ሰዓት ሐኪሙ ሊያየው የሚፈልገው ነገር ነው።